ከቆዳ ሥር ላለው ሕመም በቆዳ ላይ የሚደረግ መድኃኒት ይኑረን

ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣
ለጤና ሚኒስቴር፣
በየሆስፒታሉ፣ በየጤና ጣቢያውና በየመድኃኒት ቤቱ ለምትሠሩ ባለሙያዎች፣

ጉዳዩ፦ የደርከም ሕመም ላለብን ሰዎች በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ወይም የሚቀባ ሊዶኬይን ስለማግኘት



ሊዶኬይን ለአገራችን ሐኪም እንግዳ መድኃኒት አይደለም። ጥርሱን ያስነቀለ፣ የተቆረጠ እጁን ያሰፋ ሰው ሁሉ መርፌው ከገባ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሥፍራው ሲደነዝዝ አይቷል። እኔ የምጠይቀው ይኸው መድኃኒት በሚለጠፍ ፕላስተር ወይም በሚቀባ ክሬም መልክ፣ መጠኑ ታውቆ፣ ምንጩ ተረጋግጦ፣ አጠቃቀሙም በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ተጽፎ ቢያንስ በሪፈራል ሆስፒታሎች መድኃኒት ቤት እንዲገኝ ነው። ጥያቄው የሚመለከታቸው ሰዎች ከእኔ መሰሎች እጅግ የሰፉ መሆናቸውን ዝቅ ብዬ አሳያለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ሕመሙ ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ በትምህርት ቤት ስሙን አንድ ጊዜ ሰምታችሁት ያለፈ ሊሆን ይችላልና።

የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ሕመሜ የደርከም ሕመም ይባላል፤ በሕክምና መጻሕፍት አዲፖሲስ ዶሎሮሳ ተብሎም ይጠራል። የሚያመው ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ነው። አንዳንዱ ሰው ላይ ከአተር ፍሬ አንሥቶ እስከ እንቁላል የሚያህል እብጠት ሆኖ በክንድ፣ በጭን፣ በሆድና በጀርባ ላይ ይዳሰሳል። ሌላው ላይ ደግሞ አንድም እብጠት ሳይገኝ ሰፊ የሰውነት ክፍል እንዳለ ያማል። በጉልበትና በዳሌ መገጣጠሚያ ዙሪያ ብቻ የሚያማቸውም አሉ። ሕመሙ ይለበልባል፣ ይጠዘጥዛል፣ ድንገትም ይወጋል። አብሮት የሚመጣው ድካም ደግሞ በእንቅልፍ አይለቅም።

ይህን ሕመም ለይቶ የጻፈው የፊላደልፊያው የነርቭ ሐኪም ፍራንሲስ ዣቪየር ደርከም ነው። የመጀመሪያውን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1888 አወጣ፤ በ1892 ደግሞ የሦስት ሕመምተኞችን ታሪክ በዝርዝር አቀረበ። በዘመኑ ስመ ጥር ሐኪም ነበር፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1919 በስትሮክ ሲመቱ ካከሟቸው ሐኪሞች አንዱ እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እስከዚያ ድረስ የተጻፈውን ሰብስበው፣ ሕመሙ በትንሹ በሁለት ነገር ይታወቅ አሉ፦ ከመጠን ያለፈ ክብደትና ከሦስት ወር በላይ የቆየ በስብ ላይ የሚሰማ ሕመም። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል፤ በብዛት የሚጀምረውም ከ35 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። በደም ምርመራ አይታይም። በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መለያ ግን ቦታ አለው፤ በ10ኛው እትም ኢ 88.2 በተባለው ቁጥር ሥር ስሙ ተጠቅሶ ይገኛል። ካርድ ላይ ሊጻፍ የሚችል፣ የታወቀ በሽታ ነው ማለቴ ነው።

ይህ ሕመም በእኛ አገር ኑሮ ውስጥ ምን እንደሚመስል ባልነግራችሁ ጥያቄዬ ጎዶሎ ይሆናል። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ሦስት ሰው በሚይዘው ወንበር አራተኛ ሲደረብ፣ የጎረቤቴ ክርን ጎኔን ሲነካው ዓይኔ እንባ ይሞላል። መቀነት መታጠቅ ከተውሁ ቆይቷል። የእህቴ ልጅ ሮጦ መጥቶ ጭኔ ላይ ሲወጣ ልጁን ከምገፋው ጥርሴን ነክሼ እችለዋለሁ። ለቅሶ ቤት በአግዳሚ ወንበር ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቀመጥ አልችልም፤ ቶሎ ስነሣ ደግሞ እንደ ንቀት የሚቆጥሩብኝ አሉ። በላዩ ላይ ሰው ሲያየኝ «ተመችቶሻል» ይለኛል። በአገራችን ወፈር ማለት የደህና ኑሮ ምልክት ስለሆነ፣ የወፈረ ገላ በሕመም ይቃጠላል ብሎ የሚገምት ጥቂት ነው።

ሐኪም ፊት ስንቀርብ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ተመችቶሻል መባሉ ይቀርና ውፍረታችን የሁሉም ነገር መልስ ይሆናል። በአንድ ሆስፒታል ከእብጠቴ በቀጭን መርፌ ናሙና ተወሰደ፤ ውጤቱ የስብ እብጠት ነው፣ ካንሰር አይደለም የሚል ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን አልሁ። «እንግዲያው ምንም አይደለም፣ ክብደት ቀንሺ» ተብዬም ተሸኘሁ። የሚያመኝ ነገር ግን ከእኔ ጋር ወደ ቤት ተመለሰ። ክብደት መቀነስ ለልብ፣ ለስኳርና ለጉልበት የሚጠቅም ምክር ስለሆነ አልቃወመውም። ሆኖም ስለ ደርከም ሕመም የተጻፉት ጽሑፎች ክብደት መቀነሱ ብዙውን ጊዜ ሕመሙን እንደማያስወግደው ይናገራሉ። ኪሎው ቢቀንስም የሚያመው ስብ ማመሙን ይቀጥላል። ስለዚህ ምክሩ ሲሰጥ ከማስታገሻ ጋር ይሰጠን፤ ማስታገሻውን ተክቶ አይቁም።

ሕመሜን ያወቀልኝ ወጣት የቆዳ ሐኪም ነው። ያደረገው ነገር ቀላል ነበር። የምርመራ ወረቀቶቼን ወደ ጎን አድርጎ ክንዴን በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አደረገ፣ ቀጥሎም ስብ የሌለበትን የእጄን አንጓ እንዲሁ ቆነጠጠ፤ ልዩነቱንም ፊቴ ላይ አነበበው። «የደም ግፊት ስትለኪ ክንድሽን ያምሻል?» ብሎ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ አለቀስሁ፤ ነርሶች ክንዴን ሲያስሩ የምጮኸው በፍርሃት ነው ሲባል ኖሮ ነበርና። ከዚያ በኋላ ከሕመሙ ጋር የሚመሳሰሉትን፣ የእንቅርት ዕጢ መድከምን፣ ፋይብሮማያልጂያንና ሊፔዲማን አንድ በአንድ አጣርቶ ስሙን ነገረኝ። ወላጅ ወይም እህት ተመሳሳይ ነገር እንዳለባቸውም ጠየቀኝ፤ አብዛኛው ሰው ላይ ብቻውን ቢመጣም በዘር የሚተላለፍባቸው ቤተሰቦች አሉ። ይህን ሁሉ ያደረገው በተለመደው የተመላላሽ ክፍል፣ ውድ መሣሪያ ሳይጠቀም ነው።

ስሙ ከታወቀ በኋላ ያለው መንገድ ነው የጠበበው። ሕመሙን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ሕክምናው ማስታገስ ነው። የሚዋጡት የታወቁ ናቸው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለጊዜው ያስተነፍሱ ይሆናል፤ በየቀኑ ለዓመታት ሲዋጡ ግን ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ትራማዶል ያዞራል፣ ያስመልሳል፣ ሱስም ይሆናል። አሚትሪፕቲሊንና ፕሪጋባሊን ለአንዳንዱ ሰው ይረዳሉ፤ እኔ ግን ፕሪጋባሊን ወስጄ ጠዋት ክፍል ውስጥ ቆሜ ማስተማር ተሳነኝ። እብጠቱን በቀዶ ሕክምና ማውጣት አንድ ጎልቶ የሚያም እብጠት ላለበት ሰው ጥሩ ነው። መላ ገላው እብጠት የሆነ ሰው ግን ስንቱን ያስወጣል? ባስወጣበት አጠገብ ሌላ የሚያበቅልም አለ። ወጌሻ ዘንድ ሄደው የታሹ፣ ዋግምት ያስያዙም አውቃለሁ። ወጌሻ ለወለምታ ባለውለታችን ነው፤ በዚህ ሕመም ግን ስቡን አጥብቆ ማሸት ሕመሙን ያባብሰዋል፤ ታሽተው ለቀናት ከአልጋ ያልተነሡ ሴቶች አሉ።

ከእነዚህ ሁሉ መሐል ነው በቆዳ ላይ የሚደረገው መድኃኒት ተስፋ የሚሰጠው። ሊዶኬይንን እ.ኤ.አ. በ1943 የሠራው ስዊድናዊው ኬሚስት ኒልስ ሎፍግሬን ነው፤ ገበያ ላይ የዋለው በ1948 ነው። አሠራሩን በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አስተምረዋለሁ። የነርቭ ክር የሕመምን መልእክት የሚያስተላልፈው ሶዲየም በሽፋኑ ላይ ባሉ ጥቃቅን በሮች ሲገባ ነው፤ ሊዶኬይን እነዚያን በሮች ይዘጋል። በሩ ሲዘጋ መልእክቱ ወደ አንጎል አይደርስም። በቆዳ ላይ ሲደረግ ደግሞ ሥራው እዚያው ሥፍራ ላይ ይቀራል፤ ከፕላስተሩ ወደ ደም የሚገባው በመቶ 3 ያህል ብቻ ነው። ጨጓራን አይነካም፣ አያስተኛም፣ ክፍል ውስጥ አያስቀርም።

ለደርከም ሕመም መጀመሪያ የተሞከረው በደም ሥር የሚሰጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 የዴንማርክ ሐኪሞች ሊዶኬይን በደም ሥር ሰጥተው ብርቱ ሕመም የነበረባቸው ሰዎች እፎይ ማለታቸውን ጻፉ። ይህ ግን የልብ ምት መከታተያ ያለበት አልጋና የሚከታተል ሐኪም ይፈልጋል፤ ለእኛ አገር የተጨናነቁ ሆስፒታሎች ዕለታዊ መፍትሔ ሊሆን አይችልም። በ1996 የጣሊያን ሐኪሞች ሊዶኬይንና ፕሪሎኬይን የተቀላቀሉበትን ኤምላ የተባለ ክሬም ስለመሞከር ጻፉ። በ2008 ደግሞ በመቶ 5 ሊዶኬይን የያዘ ፕላስተር የአንዲት ሕመምተኛን ሥቃይ እንዳቀለለ አሜሪካ ውስጥ ተጻፈ። ማስረጃው ትንሽ መሆኑን አልሸሽግም፤ የጥቂት ሰዎች ታሪክ ነው፣ በመቶዎች ላይ የተደረገ ንጽጽር የለም። ነገር ግን ሕመሙ ብርቅ በመሆኑ እንዲህ ያለ ትልቅ ጥናት እስኪመጣ መጠበቅ ማለት ዕድሜያችንን በሥቃይ መጨረስ ማለት ነው። በአግባቡ ሲያዝ ጉዳቱ ትንሽ የሆነ፣ ጠቀሜታውም በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ በግልጽ የሚለይ መድኃኒት ተሞክሮ መታየት ይገባዋል። ካልረዳ ይቆማል።

እኔ የምጠቀመው ሜሪላንድ ያለችው እህቴ በሰው ሻንጣ የምትልክልኝን ነው። አሜሪካ ውስጥ በመቶ 4 ሊዶኬይን ያለው ፕላስተር ያለ ሐኪም ትዕዛዝ በየመደብሩ ይሸጣል። ምን እንደሚያደርግልኝ በታማኝነት ልናገር። ሕመሜን አያጠፋውም። ከቆዳ ወደ ውስጥ የሚሰርገው ጥቂት ሚሊሜትር ስለሆነ ጠለቅ ብሎ የተቀመጠውን እብጠት አይደርስበትም። የሚያደርግልኝ የንክኪውን ሕመም ማብረድ ነው። ጎኔ ላይ ሁለት ለጥፌ ብተኛ የአንሶላው መታከክ አይቀሰቅሰኝም፤ በማግሥቱም ያረፈ አእምሮ ይዤ ተማሪዎቼ ፊት እቆማለሁ። ለእኔ ትልቁ ለውጥ እንቅልፍ ነው። ሻንጣ ያለው መንገደኛ ሲጠፋ ግን መድኃኒቴም ይጠፋል። ውጭ ዘመድ የሌላት ሴትስ? በሰፈሬ ባሉ መድኃኒት ቤቶች ስጠይቅ በትሕትና የሚሰጡኝ ዲክሎፌናክ ጄል ነው።

ስለ ዲክሎፌናክ ጄል ክፉ አልናገርም። ለጉልበትና ለእጅ መገጣጠሚያ ብግነት ጠቃሚነቱ የተመሰከረለት ነው፤ ወደ ደም የሚገባውም ሲዋጥ ከሚገባው በመቶ 6 ያህል ብቻ ነው። በጉልበቷ ዙሪያ ብቻ የሚያማት የደርከም ሕመምተኛ ብትሞክረው ተገቢ ነው። የሚያቀዘቅዙትና የሚያሞቁት የሜንቶልና የሳሊሲሌት ቅባቶችም ለአፍታ ስሜትን ያዘናጋሉ። ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግን የሳሊሲሌት ቅባት በብዛት መቀባት ደሙን ለመፍሰስ ሊያጋልጠው እንደሚችል ማንም አይነግረውም፤ ቅባት ስለሆነ መድኃኒት አይመስልማ! ቤታሜታዞንና መሰሎቹ የስቴሮይድ ክሬሞች ለዚህ ሕመም የሚሆኑ አይደሉም፤ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡ ቆዳን ያሳሳሉ።

በርበሬያችንም በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለው። ሚጥሚጣን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን ነው፤ ዴቪድ ጁሊየስ በዚሁ ንጥረ ነገር ተመርቶ ነርቭ ሙቀትንና ማቃጠልን እንዴት እንደሚያውቅ ስለደረሰበት እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ካፕሳይሲን ነርቭን መጀመሪያ ያቃጥለዋል፣ ሲደጋገም ያደክመዋል። በመቶ 8 የያዘው ፕላስተር በጤና ባለሙያ እጅ፣ በክሊኒክ ውስጥ ብቻ የሚደረግ ነው። ይህን የማነሣው አንዳንድ ሴቶች የተደለዘ በርበሬ በዘይት ለውሰው የሚያመውን ስብ እንደሚቀቡ ስለሰማሁ ነው። እባካችሁ አታድርጉት። መጠኑ አይታወቅም፣ ቆዳ ይልጣል፣ ዓይን ውስጥ ከገባም ጉዳቱ የከፋ ነው።

ሊዶኬይንም ቢሆን ጣጣ የለውም አልልም፤ ይህን ደብዳቤ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የምጽፈውም ስለዚሁ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2007 ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። የ22 እና የ25 ዓመት ሁለት ወጣት ሴቶች በሌዘር ፀጉር ለማስነሣት ሲዘጋጁ እግራቸውን ከመድኃኒት ቤት በተቀመመ ጠንካራ የማደንዘዣ ክሬም ቀብተው በላስቲክ ጠቀለሉት፤ ራሳቸውን ስተው ሁለቱም ሞቱ። ሰፊ ገላ ላይ የተቀባ፣ በላስቲክ የታፈነ ወይም በሙቅ ውሃ መያዣ የሞቀ ማደንዘዣ ወደ ደም በብዛት ይገባል። አፍ አካባቢ መደንዘዝ፣ የጆሮ ጩኸት፣ ማዞር፣ ከዚያም መንቀጥቀጥና የልብ ምት መዛባት ያስከትላል። ይኸው መሥሪያ ቤት በ2024 ደግሞ ከተፈቀደው በመቶ 4 በላይ ሊዶኬይን ያላቸውን ማደንዘዣዎች ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚሸጡ ድርጅቶችን አስጠንቅቋል። በከተማችን በቴሌግራም የሚሸጡትን፣ ለንቅሳትና ለፀጉር ማስነሻ እየተባሉ የሚመጡትን የማደንዘዣ ክሬሞች ስመለከት እፈራለሁ። የሚያማት ሴት ሌሊት እንቅልፍ አጥታ ስታድር ምን ያህል እንደሚቀባ ሳታውቅ እነዚያን ትገዛለች። የተፈተሸው መድኃኒት በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ሲገኝ ያልተፈተሸው ገዢ ያጣል።

አሁን በጥያቄዬ ላይ ልትጠይቁኝ ወደምትችሉት ልምጣ። እንዲህ ጥቂት ለሆኑ ሰዎች የውጭ ምንዛሪ ማን ያወጣል? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ይህ ፕላስተር ለእኛ ብቻ አይደለም የሚል ነው። በመቶ 5 ያለው የሊዶኬይን ፕላስተር አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 የተፈቀደው ለደርከም ሕመም ሳይሆን፣ አልማዝ ባለጭራ ከዳነ በኋላ ለሚቀረው የነርቭ ሕመም ነው። አልማዝ ባለጭራን የማያውቅ የኢትዮጵያ ሐኪም የለም። ሽፍታው ደርቆ ወራት ካለፉ በኋላ ሸሚዝ ሲነካቸው የሚጮኹ አረጋውያን፣ የሰውነት መከላከያቸው የተዳከመ ወገኖቻችንም በየክሊኒኩ አሉ። ማንም አባት፣ ማንም አያት በዚህ ሊያዝ ይችላል። ለእነርሱ ተብሎ የሚገባው መድኃኒት እኛን ያዳርሳል፤ ለእኛ ብቻ የተለየ ነገር እንዲመጣ አልጠየቅሁም።

ስለዚህ ባለሥልጣኑ በመቶ 5 ወይም በመቶ 4 ሊዶኬይን ያለው ፕላስተር እንዲመዘገብ የሚያመለክት አስመጪም ሆነ የአገር ውስጥ አምራች ሲቀርብ ጉዳዩ በፍጥነት እንዲታይለት፣ የሚያመለክት ከጠፋም ጥሪ እንዲያቀርብ እለምናለሁ። ፕላስተሩ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ። ዋጋው የማይቻል ከሆነ የሚቀባው ክሬም ይቅደም። ለሕዝብ ሆስፒታሎች መድኃኒት የሚያቀርበው አካልም በየሆስፒታሉ ፍላጎት ሲጠየቅ ይህን መድኃኒት በዝርዝሩ ውስጥ ያካትትልን። በሆስፒታል ውስጥ የሚቀመም ክሬምም አንድ መንገድ ነው፤ ሆኖም የእነዚያ ሁለት ወጣቶች ታሪክ እንደሚያሳየው የሚቀመመው መጠን በግልጽ መመሪያ መገደብ አለበት፣ እንደየሰው ፍላጎት የሚወፍርና የሚቀጥን መሆን የለበትም።

መድኃኒቱ ሲሰጥ አንድ ገጽ ወረቀት አብሮ ይሰጥ፤ ለእኔ ይህ ከመድኃኒቱ እኩል ነው። በመቶ 5 ያለው ፕላስተር በአንድ ጊዜ ከሦስት በላይ እንዳይለጠፍ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ በቆሰለ ቆዳ ላይ እንዳይደረግ፣ ላዩ ላይ የሚሞቅ ነገር እንዳይቀመጥ ይጻፍበት። የጉበት ሕመም ያለበትና የልብ ምት መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ እንዲናገር ይጻፍበት። የተነሣው ፕላስተርም ገና ብዙ መድኃኒት እንደያዘ ይነገረን፤ 700 ሚሊ ግራም ከያዘው ውስጥ ቢያንስ 665ቱ ከተጠቀሙበት በኋላም እዚያው አለ። ሕፃን አንሥቶ ቢያኝከው ሊገድለው ይችላል። በእኛ ቤት ቆሻሻ በፌስታል ደጃፍ ላይ ይቀመጣል፤ ስለዚህ የሚጣበቀው ገጽ ወደ ውስጥ ታጥፎ ልጅ በማይደርስበት እንዲጣል ማሳሰቡ የግድ ነው።

ለጤና ሚኒስቴር ደግሞ የምለው አለኝ። ለሐኪሞች የሚዘጋጀው የሕክምና መመሪያ በሚታደስበት ጊዜ ሥር በሰደደ ሕመም ክፍል ውስጥ ስለሚያም ስብ ጥቂት መስመር ይግባበት፤ እንዴት እንደሚዳሰስ፣ ከምን ከምን እንደሚለይ፣ ቀድሞ ምን እንደሚሞከር። የተገኘውም ሕመምተኛ በመለያ ቁጥሩ ይመዝገብ። ስንት እንደሆንን የሚታወቀው ሲጻፍ ነው፤ ውፍረት ተብለን ብቻ ስንመዘገብ ግን ከቁጥር ውጭ እንቀራለን።

ወንድሞቼና እህቶቼ ሐኪሞች ሆይ፣ ወረፋው በር ላይ እንደሚጠብቃችሁ እያየሁ ነው የምጽፈው። የምለምናችሁ የአንድ ደቂቃ ነገር ነው። ያመኛል ያለችውን ሥፍራ በጣታችሁ ቆንጠጥ አድርጉት፣ ከዚያ ስብ የሌለበትን ሥፍራ ቆንጥጡ፣ ፊቷንም እዩ። የናሙናው ውጤት ካንሰር የለም ሲል እናንተም እኛም ደስ ይለናል፤ ሕመሙ ግን በዚያ ውጤት እንዳልተመለሰ ንገሯት። ለጊዜው ፕላስተሩ ባይኖርም ዲክሎፌናክ ጄሉን የት፣ ምን ያህል፣ እስከ ስንት ሳምንት እንደምትሞክረው ጽፋችሁ ስጧት፤ ቀጠሮም ስጧት። ለሚያማት ሴት ተመልሳ የምትመጣበት ቀን ራሱ ይረዳታል።

ለመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች፣ ከሰው ሁሉ በፊት የሚያገኙን እናንተ ናችሁ። ማደንዘዣ ክሬም ልትገዛ የመጣችን ሴት ለምን እንደፈለገችው ጠይቋት። ለፀጉር ማስነሻ ካልሆነ፣ ያመኛል ካለች፣ ምን ያህል ገላ ላይ እንደምትቀባው፣ በላስቲክ ትሸፍነው እንደሆነ ጠይቋት። ሌላ መድኃኒት ትወስድ እንደሆነም ጠይቋት። ይህን ምክር ከእናንተ በቀር የሚሰጣት የለም።

ከእኔ ጋር ይህ ሕመም ያለባቸውና ስማቸው እንዲጠቀስ ያልፈለጉ ሌሎች ሴቶች አሉ። ጉዳዩን የሚመለከት ባለሙያ ቢመደብ፣ የምንጠቀምባቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው፣ የሐኪሞቻችንን ማስረጃ፣ ስንወስዳቸው የተሰማንንና ያልተሰማንን በቀን በቀን የመዘገብንበትን ደብተር ይዘን ለመቅረብ ተስማምተናል። የአንድ ገጹን መመሪያ ረቂቅም በአማርኛ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ሐኪምና ፋርማሲስት እንዲያርመው እፈልጋለሁ። በምትሉት ቀንና ቦታ እንገኛለን፤ የምንቀመጥበት ወንበር ብቻ ስፖንጅ ያለው ይሁንልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት መምህርትና የደርከም ሕመምተኛ
አዲስ አበባ